አዞ የማን ዘመድ ነው?

ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ሬዲዮኑ ቀረብ በሉ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አዞ ነው።

ነገሩን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም እንደ ወጣሁ የተመደብኩት ከጫሞ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ መንደር ነበር። ቀን ሕፃናትን አስተምራለሁ። ማታ ደግሞ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። አንድ ማታ «አ» የሚለውን ፊደል ስናጠና «አዞ» ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዲት እናት እጃቸውን አነሡ። በዚያው ሰሞን ሐይቅ ዳር ውኃ የሚጠጣ ጥጃቸውን አዞ ወስዶባቸው ኖሯል።

«መምህር፣ ይህ አውሬ ከየት መጣ? ስንቱ አውሬ ሲጠፋ እሱ እንዴት ቀረ?» አሉኝ።

እኔም ብዙ ሳላስብ መለስኩ። «አዞ ከጥንት፣ ከዳይኖሰር ዘመን ጀምሮ ምንም ሳይለወጥ የኖረ እንስሳ ነው። የእንሽላሊትና የአርጃኖ ትልቅ ወንድም ነው» አልኩ።

እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ይህን ያህል ዘመን ያልተለወጠ ዛሬም አይለወጥም። እኛው ሥፍራ እንለውጥለት» ብለው ተቀመጡ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ የተናገርኩት ሁለቱም ነገር ልክ እንዳልሆነ አወቅሁ። አዞ ሳይለወጥ አልኖረም። የእንሽላሊትም ወንድም አይደለም። ያን ጊዜ ግን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ነበር። ለእኚያ እናት መልሱን ሳላስተካክል ቀረሁ። ምናልባት ዛሬ ሬዲዮ ከፍተው ይሰሙኝ ይሆናል።

እሺ፣ በመጀመሪያ ስለ ዘመን እንነጋገር። ሺህ ዓመት ለእኛ ረጅም ነው። ሺህ ጊዜ ሺህ ዓመት ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዓመት ይባላል። ሲጻፍ ስድስት ዜሮ አለው፤ 1,000,000። ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ይህን ቁጥር በሐሳብ መያዝ ያስቸግራል። ስለዚህ በእግራችን እንለካው። በቤታችሁ ደጃፍ ላይ ቁሙ። ደጃፉ ዛሬ ነው። ከደጃፉ አንድ እርምጃ ስትርቁ አንድ ሚሊዮን ዓመት ወደ ጥንቱ ሄዳችሁ እንበል።

የእኛ የዛሬው ሰው ዘር ከተገኘ 300,000 ዓመት ገደማ ነው። በእርምጃችን ሲለካ ከደጃፉ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። በአፋር፣ ሐዳር በሚባለው ሥፍራ አጥንቷ የተገኘው ድንቅነሽ፣ ሉሲ የምትባለው፣ የኖረችው ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። እሷ ሦስት እርምጃ ላይ ናት ማለት ነው። የአዞን ዘር መነሻ ለማግኘት ግን ወደ 250 እርምጃ መሄድ አለብን። የጎረቤትን ማሳ ተሻግሮ ነው!

ታዲያ ይህን ማን አይቶ ቆጠረው? ያየ ሰው የለም። የሚመሰክሩት አጥንቶች ናቸው። አንድ እንስሳ ወንዝ ዳር ይሞታል። ሥጋው ይበሰብሳል። አጥንቱን ደለል ይጫነዋል። በላዩ ሌላ ደለል፣ በዚያም ላይ ሌላ ይደረባል። ከብዙ ዘመን በኋላ አጥንቱ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ይህ ቅሪተ አካል ይባላል። ከደለሉ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ሲገኝ ደግሞ ጥሩ ነው። በአመዱ ውስጥ በታወቀ ፍጥነት ቀስ በቀስ የሚለወጥ ነገር ስላለ፣ ሊቃውንቱ እሱን ለክተው ዕድሜውን ያወጣሉ። የሐዳርም የኦሞም ዕድሜ የተለካው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን 250ኛው እርምጃ ላይ ደርሰናል እንበል። በዚያ ዘመን አካባቢ ከአንድ ወገን ሁለት ትልልቅ ቤቶች ወጡ። አንደኛው የአዞ ቤት ነው። ሁለተኛው ቤት ኋላ ዳይኖሰሮች የወጡበት ነው። ከዳይኖሰሮች ደግሞ ወፎች ወጡ። ዶሮም ወፍ ናት። እንሽላሊት፣ አርጃኖና እባብ ግን ከዚያም ቀደም ብሎ የተለየ የሌላ ቤት ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። በእኛ አገር ሰው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አዞም ዘሩን ወደ ኋላ ቢቆጥር፣ አርጃኖ ጋ ከመድረሱ በፊት ዶሮን ያገኛል። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለአዞ የቅርብ የሥጋ ዘመዶቹ ወፎች ናቸው። አርጃኖ በመልክ ይመስለዋል እንጂ በዘር ይርቀዋል። መቼም መልክ ያሳስታል። እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። «ዶሮና አዞ ምን አገናኛቸው?» ይላሉ። ጥቂት ምስክር ልቁጠር። የእንሽላሊት ልብ ሦስት ክፍል አለው። የአዞ ልብ አራት ክፍል አለው። የዶሮም አራት ነው። ዶሮ ጠጠር ስትውጥ አይታችኋል፤ ጠጠሩ በሆዷ እህሉን ይፈጭላታል። አዞም ድንጋይ ይውጣል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የእናትነቱ ነገር ነው። አብዛኞቹ እንሽላሊቶች እንቁላላቸውን ቀብረው ጥለው ይሄዳሉ። የናይል አዞ እናት ግን አሸዋ ቆፍራ 50 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ጎጆዋን ትጠብቃለች። የሚወለዱት ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን የሚወስነውም የጎጆው ሙቀት ነው። ልጆቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ እንቁላሉ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ፤ ልክ እንደ ጫጩት። እናቲቱ ድምፁን ስትሰማ አሸዋውን ትቆፍራለች። ልጆቿን በዚያ በሚያስፈራ መንጋጋ ቀስ ብላ ይዛ ወደ ውኃ ትወስዳቸዋለች። ጥርሷ አንዱንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ደጃፋችን መመለስ እንጀምር። 230ኛው እርምጃ ላይ ስንደርስ የአዞ ቤት ሰዎች፣ ይቅርታ፣ የአዞ ቤት እንስሳት የምድሩ ጌቶች ነበሩ። የሚኖሩትም በየብስ ነበር። ዛሬ አርጀንቲና በሚባለው አገር ሳውሮሱከስ የሚባል ዘመዳቸው ነበር። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ያልፋል። እግሮቹ እንደ ላም እግር ከሆዱ በታች ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። እየተራመደ ያድናል። በዚያ ጊዜ ዳይኖሰሮች ገና አብዛኞቹ ትንንሾች ነበሩ። ከእሱ የሚሸሹ ናቸው እንጂ የሚያባርሩት አልነበሩም።

ከዚሁ ቤት ቀጫጭን፣ ቀላል፣ ሯጭ የሆኑም ነበሩ። የዛሬው አዞ በቀጥታ የሚመዘዘው ከእነዚህ ትንንሾች ወገን ነው። በብሪታንያ ደሴት፣ ዌልስ በሚባለው አገር የአንዱ አጥንት ተገኝቷል። ቴሬስትሪሱከስ ይባላል፤ የየብስ አዞ ማለት ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም። ጅራቱም ረጅም ነው። እግሮቹ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው። ብታዩት ውሻ አባራሪ ትሉታላችሁ እንጂ አዞ አትሉትም።

ዛሬ አዞ ደረቱን መሬት ላይ እየጎተተ ብቻ የሚሄድ ይመስላችኋል? አይደለም። ሲፈልግ ሆዱን ከመሬት አንሥቶ በአራት እግሩ ይራመዳል። አንዳንዶቹ የአዞ ዝርያዎች ሲደነግጡ እንደ ፈረስ ይጋልባሉ። ይህ ከእነዚያ ሯጭ አባቶች የተረፈ ነው።

በዚያው ዘመን ሐይቅና ወንዝ ውስጥ አድብቶ የሚኖር፣ መልኩ ቁርጥ አዞ የሚመስል ሌላ እንስሳም ነበር። ፊቶሶር ይባላል። አጥንቱን ያየ ሁሉ «ይህ አዞ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን የአዞ አባት አልነበረም። የአዞ አፍንጫ ከአፉ ጫፍ ላይ ነው። የፊቶሶር አፍንጫ ግን ከዓይኖቹ አጠገብ ነበር። ዘሩም ጠፍቷል። አሁንም መልክ አሳሳች መሆኑን ተመልከቱ።

201ኛው እርምጃ ላይ ትልቅ መዓት መጣ። ምድር ተሰነጠቀች። እሳተ ገሞራ ለብዙ ዘመን ፈሰሰ። አየሩ ተበከለ፤ ሙቀቱም ጨመረ። እነሳውሮሱከስን የመሰሉ ግዙፍ የአዞ ዘመዶች ሁሉ ጠፉ። የተረፉት ትንንሾቹ ናቸው። የየብሱ ጌትነት ለዳይኖሰሮች አለፈ።

የተረፉትስ ምን ሆኑ? እዚህ ላይ ነው የእኔ «ምንም ሳይለወጥ ኖረ» ማለት ፈጽሞ የሚፈርሰው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየፊናው ሄደ።

አንዱ ወገን ወደ ባሕር ገባ። እግሮቹ መቅዘፊያ ሆኑ። ጅራቱ እንደ ዓሣ ጅራት ተከፈለ። በጀርባው ላይ የነበረውን ጠንካራ የአጥንት ቅርፊት ተወ። የእነዚህ አጥንት በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጀርመን አገር ተገኝቷል። ከዛሬ 160 እርምጃ ላይ በሙሉ ጉልበታቸው ነበሩ። ዛሬ አንድም ዘር የላቸውም።

በማዳጋስካር ደሴት ደግሞ ሲሞሱከስ የሚባል ነበር። ሊቃውንት ስሙን ያወጡለት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር አይሞላም። አፉ ድፍን፣ ፊቱ አጭር ነበር። ጥርሱ፣ እናቶች ሆይ፣ ቁርጥ ቅርንፉድ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ጥርስ ሥጋ አይበጠስም። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠል ይበላ እንደነበር ይታመናል። ቅጠል የሚበላ አዞ! እኚያ እናት ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

በኒጀር አገር ደግሞ እንደ ከርከሮ ክራንቻ ያለው ተገኝቷል። ካፕሮሱከስ ተባለ። ስሙ በ2009 ነው የወጣለት። እሱም በየብስ የሚያድን ሳይሆን አይቀርም።

በዚሁ በኒጀር፣ ዛሬ ቴኔሬ የሚባለው በረሃ ባለበት፣ ከዛሬ 112 እርምጃ ላይ ትልልቅ ወንዞች ይፈሱ ነበር። በእነዚያ ወንዞች ውስጥ ሳርኮሱከስ የሚባል ግዙፍ ይኖር ነበር። በ1966 ነው በሳይንስ ስም የተሰጠው። ኋላም ብዙ አጥንቱ ተቆፍሮ ወጣ። የራስ ቅሉ ብቻ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ነው። መላ ርዝመቱን መጀመሪያ 11 ወይም 12 ሜትር ብለው ነበር። በኋላ በጥንቃቄ ሲሰላ 9 ሜትር ገደማ ሆነ። እሱም ቢሆን ጉድ ነው። ሁለት ትልልቅ የጫሞ አዞዎች ጫፍ ለጫፍ ቢጋደሙ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይህም ቢሆን የዛሬው አዞ አባት አይደለም። የጠፋ የአጎት ቅርንጫፍ ነው።

66ኛው እርምጃ ላይ ሁለተኛው መዓት ወረደ። ዛሬ ሜክሲኮ በሚባለው አገር ዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ። አቧራና ጢስ ፀሐይን ጋረደ። ብርሃን ሲጠፋ ተክል ደረቀ። ተክል ሲደርቅ ተክል በሉ አለቀ፤ ቀጥሎም ሥጋ በሉ። ዳይኖሰሮች ሁሉ ጠፉ፤ ከእነሱ የተረፉት ወፎች ብቻ ናቸው። ከአዞ ቤትም ብዙው ጠፋ። ቅጠል በሉም አልተረፈም።

አሁን የእኚያን እናት ጥያቄ መመለስ እንችላለን። «ስንቱ አውሬ ሲጠፋ እሱ እንዴት ቀረ?» ነበር ያሉት።

የቀረው ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ስለነበረ ነው። በየብስ ላይ ቅጠል ሲጠፋ ሁሉም ይራባል። በወንዝ ውስጥ ግን ብስባሽ አለ። ብስባሹን ትል ይበላል፤ ትሉን ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውን አዞ ይበላል። ስለዚህ ፀሐይ ብትጋረድም የወንዝ ማዕድ ቶሎ አይነሣም። ሁለተኛ፣ አዞ ትንሽ በልቶ ብዙ ይቆያል። እኛ ሰውነታችንን ለማሞቅ ብቻ በየቀኑ እህል እናቃጥላለን። አዞ ሙቀቱን ከፀሐይ ይወስዳል። ለዚህ ነው ጫሞ ዳር «የአዞ ገበያ» በሚባለው ሥፍራ ጠዋት ጠዋት ተደርድሮ ፀሐይ የሚሞቀው። ስሙ ገበያ ይባል እንጂ ሻጭም ገዢም የለበትም፤ ያለው አዞ ብቻ ነው። ትልቅ አዞ ለወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። በዚያ የረሃብ ዘመን ከጉልበት ይልቅ የጠቀመው ይህ ነው። የሚገርመው ግን፣ አራት ክፍል ያለው ልቡ ጥንት አባቶቹ ብዙ የሚበሉ፣ ብዙ የሚሮጡ እንደነበሩ ያመለክታል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ይህ ዝግታ ኋላ የመጣ ከሆነ፣ እሱም አንድ ለውጥ ነው።

ከዚያ ወዲህም ለውጡ አልቆመም። በደቡብ አሜሪካ በየብስ የሚያድኑ የአዞ ዘመዶች እስከ ዐሥረኛው እርምጃ አካባቢ ነበሩ። ወደ እኛም አገር እንምጣ። የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈሳል። በዚያ አካባቢ ደለል ውስጥ ዩቴኮዶን የሚባል አዞ ተገኝቷል። አፉ እንደ ወረንጦ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ለዓሣ የተሠራ ነው። በኬንያ በኩል በቱርካና ዳር ደግሞ በ2012 አንድ ሌላ ዓይነት ስም ተሰጠው። የኖረው ከ4 እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ርዝመቱ እስከ 7 ሜትር ተኩል ይደርስ ነበር። ይህ የድንቅነሽ ዘመን ነው። የእሷ ወገኖች ቁመት አንድ ሜትር ከምናምን ነበረ። ውኃ ለመጠጣት ሲወርዱ ምን ይሰማቸው እንደነበር መገመት ትችላላችሁ። በሐዳርም ደለል ውስጥ የአዞ አጥንት ሞልቷል። ውኃ ዳር አዞን መፍራት ዛሬ የጀመርነው አይደለም።

የናይል አዞ ራሱ፣ በጫሞና በዓባያ፣ በባሮና በኦሞ የምናየው፣ በዚህ ረጅም መንገድ የቅርብ ልጅ ነው። ዕድሜው ከዐሥር እርምጃ በታች ነው። ሌላም ነገር አለ። በምዕራብ አፍሪካ እሱን የሚመስል አዞ አለ። ብዙ ዘመን ሁለቱ አንድ ናቸው ይባል ነበር። የጥንት ግብፃውያን አድርቀው ያኖሯቸው የአዞ ሬሳዎች ሳይቀሩ ተመርምረው፣ በ2011 ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸው ታወቀ። የናይል አዞ ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ውቅያኖስ ማዶ ላሉት የአሜሪካ አዞዎች ይቀርባል። ዛሬ በዓለም ከ25 በላይ የአዞ ዓይነቶች አሉ። ከዚያ ሁሉ ሯጭ፣ ዋናተኛና ቅጠል በሉ ቤት የቀሩት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ውኃ ዳር የሚያደቡ።

እንግዲህ እናቴ፣ የሚሰሙኝ ከሆነ፣ የዚያን ዕለት መልሴን ያስተካክሉልኝ። አዞ ተለውጧል፤ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። የሥፍራውን ነገር ግን እርስዎ ልክ ነበሩ፤ የሳቅነው እኛ ነን የተሳሳትነው። አዞ አይሯሯጥም። የሚኖረው ጠብቆ ነው። ከብት በየዕለቱ በአንድ ሰዓት በአንድ ሥፍራ ውኃ ሲወርድ ያያል፤ ይለምዳል። እዚያው ውኃው ውስጥ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ይቆያል። ስለዚህ ውኃ የሚቀዳበትንም ከብት የሚጠጣበትንም ሥፍራ መቀያየር ይጠቅማል። ውኃው ጥልቅና ድፍርስ በሆነበት ዳር ላይ ጎንበስ ብሎ መቅዳት አያስፈልግም። ሲመሽና ሌሊት መውረድ አደጋ ነው። ልጆች ብቻቸውን አይውረዱ። በበጋ አሸዋ ላይ የተቆፈረ ጎጆ ካያችሁ ራቁ፤ እናቲቱ ቅርብ ናት።

ለሚቀጥለው ጊዜ «አዞ»፣ «አርጃኖ»፣ «ዶሮ»፣ «ሚሊዮን» የሚሉትን ቃላት ደብተራችሁ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ። ከደጃፋችሁም 66 እርምጃ ሄዳችሁ የት እንደሚያደርሳችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ደኅና ሰንብቱ።